ቤትና ጦርነት በግጥም፦ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ ቡሬ አማርኛ አስተምራለሁ። በእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ቤትና ግጭት በግጥም እንዴት እንደሚሳሉ ተማሪዎቼ እንዲያነጻጽሩ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከደጅዎ ይጀምሩ። የጎጃም ገጠር በአንድ ወገን ፉከራና ቀረርቶ፣ በሌላው ሙሾና እንጉርጉሮ አለው። ለፉካሪው ቤት ክብር ነው፤ የአባት ርስት፣ የማይደፈር ደጃፍ። አልቃሿ ግን ቤቱን ከውስጥ ታየዋለች፤ ጦም ያደረ ማሳ፣ የጠፋ ምድጃ፣ ያልተመለሰ ልጅ።

ከዚያ ተማሪዎችዎ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማን ይናገራል? ለማን? ጠላቱስ ማን ተብሏል? ዋናው ሦስተኛው ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የጎጃም አርበኞች ሲፎክሩ ጠላታቸው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወራሪ ነበር። በእርስ በርስ ጦርነት ግን ባላንጣው የአገር ልጅ ነው። ስለዚህ ያው የፉከራ ቃል ወንድምን ያቆስላል፤ ሙሾ ግን ለሁለቱም ሟች ሊያለቅስ ይችላል።

ከጽሑፍ ግጥም የገብረ ክርስቶስ ደስታን «ሀገሬ» ይጨምሩ፤ በናፍቆት የተሳለ አገር ነው። ገጣሚው በደርግ ዘመን ተሰድዶ አሜሪካ አርፏል። ስለ ምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ቃል ግጥም ደግሞ የጌቴ ገላዬ ጥናቶች ይረዱዎታል።

አንድ አደራ አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ደርሷል፤ ክፍልዎ ውስጥ ሐዘንተኛ ልጅ ሊኖር ይችላል። የቤቱን ሙሾ በክፍል ፊት እንዲያነብ ማንንም አያስገድዱ። በቀደመው ዘመን ግጥም ያስተምሩ፤ የራሱን የሚያመጣ ካለ በፈቃዱ ያምጣ።