ችፌ፣ ወስፋትና አዲሱ መርፌ

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በቡታጅራ ከተማና ዙሪያዋ 1,065 ነፍሰ ጡር እናቶች ለአንድ ጥናት ተመዘገቡ። የአዲስ አበባና የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚወለዱትን ሕፃናት ለዓመታት ተከታትለው አስምና ችፌ ከምን እንደሚመነጩ ለመረዳት አቅደው ነበር። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ለሰሚው እንግዳ ይመስላል፤ ወስፋትና መንጠቆ ትል ልጅን ከችፌ ይጠብቁት ይሆን?

ጥያቄው መሠረት አለው። ትል ወደ ሰውነት ሲገባ የመከላከያ ሥርዓታችን ኢንተርሉኪን 4 እና ኢንተርሉኪን 13 የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። እነዚህም አንጀት ዝልግልግ ፈሳሽ እንዲያበዛ፣ ትሉን የሚዋጉ ሕዋሳትም እንዲከማቹ ያዛሉ። በችፌ ጊዜ እነዚሁ መልእክተኞች ትል በሌለበት ቆዳ ላይ ይበዛሉ፤ የቆዳው መከላከያ ይላላል፤ ማሳከኩም እንቅልፍ ይነሣል። ለረጅም ጊዜ አብሮን የኖረ ትል ግን ራሱን ለማቆየት ሲል የመከላከያ ሥርዓቱን ያለዝባል። መላ ምቱ የተነሣው ከዚህ ነው። በቡታጅራ ልጆች ላይ የተገኘው ትል ጥቂት ስለነበር ጥናቱ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም።

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ዱፒሉማብ የተባለ ባዮሎጂክ መድኃኒት ሁለቱም መልእክተኞች የሚጠቀሙበትን የሕዋስ መቀበያ ይዘጋል። በሕያዋን ሕዋሳት የሚመረት አንቲቦዲ ሲሆን፣ ከአስፒሪን ሞለኪዩል ከ800 ጊዜ በላይ ይከብዳል። ቢዋጥ አንጀት እንደ ሥጋ ስለሚፈጨው ከቆዳ ሥር ይወጋል። ለሶሪያሲስ የሚሰጡት ዘመዶቹ በሌሎች መልእክተኞች ላይ ያነጣጥራሉ። ከእነርሱ መካከል ቲኤንኤፍ የተባለውን የሚያግዱት በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየን የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ፣ አስቀድሞ የነቀርሳ ምርመራ ግድ ነው።

የዱፒሉማብስ? መድኃኒቱ ሲሞከር ትል እንዳለባቸው የታወቁ ሰዎች ከጥናቱ ውጭ ተደርገዋል። ስለዚህ ትልን የሚዋጋውን ትእዛዝ የሚያቋርጥ መርፌ ወስፋት በሚበዛበት አገር ምን እንደሚያደርግ ከእነዚያ ጥናቶች ማንበብ አይቻልም። የመድኃኒቱ መመሪያም ትል ያለበት ሕመምተኛ መርፌውን ከመጀመሩ በፊት ይታከም ይላል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለቡታጅራም ሆነ ለወልቂጤ ሐኪም ከመርፌው የሚቀድሙት የሰገራ መመርመሪያ ማይክሮስኮፕና ርካሹ አልቤንዳዞል ናቸው። መርፌው ራሱ ዋጋው ውድ ከመሆኑም በላይ፣ ከፋብሪካ ወጥቶ ሕመምተኛው ዘንድ እስኪደርስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ከማቀዝቀዣ ከወጣ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት የሚቆየው ለ14 ቀን ብቻ ነው።