ድርቅ እና ረሃብ፦ የ«ድራውት» እና የ«ፋሚን» የትርጉም ልዩነት ከቦረና ቆላ አንጻር

«ድራውት» እና «ፋሚን» የተሰኙት የእንግሊዝኛ ቃላት በዘገባዎች ውስጥ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ይስተዋላል። የመጀመሪያው በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ደረቅ» ከሚለው ቃል ጋር የተዛመደ ሲሆን የዝናብና የውሃ እጥረትን ያመለክታል። ሁለተኛው ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የተወረሰ ነው፤ ሥሩም «ረሃብ» ማለት ነው። ስለሆነም አንዱ የምድሩን፣ ሌላው የሰውን ሁኔታ ይገልጻል።

በአማርኛ «ድርቅ» ለ«ድራውት» ቀጥተኛ አቻ ነው። «ረሃብ» ግን ምሳ ያለፈውን ሰው ስሜትም የሕዝብን እልቂትም ስለሚያካትት ከ«ፋሚን» ይሰፋል። በተቀናጀው የምግብ ዋስትና ደረጃ ምደባ መሠረት «ፋሚን» 5ኛውና የመጨረሻው ደረጃ ነው። ይህም ቢያንስ 20 በመቶ የሚሆኑ ቤተሰቦች ለከፋ የምግብ እጦት ሲጋለጡ፣ ከ30 በመቶ በላይ ሕፃናት በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሲጎዱ፣ እንዲሁም ከ10,000 ሰዎች በቀን ቢያንስ 2 ሰዎች በዚሁ ሳቢያ ሲሞቱ የሚታወጅ ነው።

የቦረና ቆላ የሁለቱን ቃላት ርቀት በግልጽ ያሳያል። በኦሮምኛ ድርቅ «ሆንጌ»፣ ረሃብ «ቤላ» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ 5 ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ በመቅረታቸው በርካታ ከብቶች አልቀዋል፤ ሆኖም «ፋሚን» አልታወጀም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2011 የቦረናን ቆላም ያጠቃው ድርቅ በደቡብ ሶማሊያ ወደ «ፋሚን» ተሸጋግሯል።

አንዱን ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው የዝናብ እጥረት ብቻ አይደለም። ግጦሽ ሲጠፋ ከብት ይከሳል፣ ዋጋውም ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ግን ይንራል። አርብቶ አደሩ በነጌሌ ገበያ እህል ተከምሮ እያየ የሚገዛበት አቅም ያጣል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ያስረዱት ይህንኑ ነው፤ ረሃብ የሚከሰተው ምግብ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን ሰው ምግብ የሚያገኝበትን አቅም ሲያጣም ነው።

የቃል ምርጫው የእርዳታውን ዓይነትና ጊዜ ይወስናል። «ድርቅ» የተባለው ሁኔታ ውሃን፣ መኖንና ከብት ሳይከሳ መሸጥን ይጠይቃል፤ «ፋሚን» ደግሞ ነፍስ አድን ምግብና ሕክምናን። «ፋሚን» እስኪታወጅ የሚጠብቅ ከብቱ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። በመሆኑም ተርጓሚዎች «ፋሚን»ን በደፈናው «ረሃብ» ከማለት ይልቅ «ደረጃ 5 ረሃብ» ብለው ቢለዩት ለአንባቢም ለውሳኔ ሰጪም ይበጃል።