በመጠለያ ጣቢያ የሕፃናትን የሳንባ ምች ለይቶ ስለማወቅ

በ1977 ዓ.ም. በጊዜው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በኮረም የተሰበሰበውን ወገን የፈጀው ረኀብ ብቻ አልነበረም። ኮረም 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ደጋ ስትሆን፣ ያለ በቂ ልብስ ተጨናንቀው ያድሩ በነበሩት ሕፃናት ላይ ኩፍኝና የሳንባ ምች ተደራርበው ወድቀውባቸዋል። እህል ከደረሰለት በኋላ በትንፋሽ እጦት የሚሞት ሕፃን መኖሩ ሲታሰብ፣ የመጠለያ ሠራተኛ ሐኪም ባይሆንም ይህን በሽታ ለይቶ ማወቅ እንደሚኖርበት ግልጽ ነው።

አብዛኛው ሳል ጉንፋን ነው፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም አይሻም። የሳንባ ምችን ከጉንፋን የሚለየው የሳሉ ብርታት ወይም የትኩሳቱ መጠን ሳይሆን አተነፋፈሱ ነው። ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ደረቱ ተገልጦ ትንፋሹ አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ይቆጠራል። የሩብ ደቂቃውን ቆጥሮ በ4 ማባዛት ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ እኩል አይሄድምና። ከ2 ወር በታች ለሆነ ሕፃን 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። ቀጥሎ የጎድኑ ግርጌ ይታያል። አየር በሳበ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ በሽታው ጠንቷል ማለት ነው።

በድርቅ በተጎዳ አካባቢ ግን ይህ መለኪያ ብቻውን አይበቃም። እጅግ የከሳ ወይም ሁለት እግሮቹ ያበጡ ሕፃን በሽታን የሚዋጋበት አቅም ስለተሟጠጠ ላያተኩስ፣ ላያስል፣ ትንፋሹም ላይፈጥን ይችላል። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ የሚያለቅሱት ልጆች ሲታዩም እርሱ ይታለፋል። በምግብ ማደያው ሰልፍ ላይ በቅድሚያ መፈለግ ያለበት ይህ ጸጥተኛ ሕፃን ነው። የትንፋሹ ቁጥር ከወሰኑ በታች ነው ተብሎም ሊመለስ አይገባውም።

ትንፋሹ ከመፍጠን በቀር ሌላ የሚያሰጋ ምልክት የሌለበት ልጅ በጤና ኬላው አሞክሳሲሊን ተመጥኖ ይሰጠዋል፤ ቢሻለውም የታዘዘለትን ቀናት ይጨርሳል። ከ2 ወር በታች የሆነ፣ በጣም የከሳ፣ ደረቱ የሚሰረጎድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት የተሳነው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ የተንቀጠቀጠ ወይም የደነዘዘ ሕፃን ግን ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይላካል። በመንገድም በእናቱ ገላ ላይ ተለጥፎ ከላይ ይሸፈናል። መዋጥ ከቻለ የእናቱን ጡት፣ ይህ ከሌለ በ200 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ 4 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር ተበጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል።

ለሳል ተብሎ ለሕፃን ቅቤ ማዋጥ ቅቤው ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ራሱ ምች ያመጣል፤ እንጥል ማስቆረጥም ደም ያፈሳል፣ ያመረቅዛል። እናቲቱን መቆጣት ግን ሌላ ጊዜ ልጇን ደብቃ እንድታስታምም ከማድረግ በቀር ፋይዳ የለውም። ይልቅስ ትንፋሹ በሚቆጠርበት ጊዜ አብራ እንድትቆጥር ቢደረግ ሌሊት ትንፋሹ ሲፈጥን ራሷ ቀድማ ትነቃለች።

ማብሰያው ከድንኳኑ ውጭ ይሁን። ብርድ ልብስም ምዝገባው እስኪያልቅ በመጋዘን ሳይቆይ፣ ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች በደረሱበት ዕለት ከመምሸቱ በፊት ይታደላቸው።