የጎተራ ድመት ጥርስና አፍ አጠባበቅ
(ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት)

1. መግቢያ

እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም። አይጥ በልቶ ከሚጨርሰው ይልቅ በሽንቱና በዓይነ ምድሩ የሚያበላሸው፣ ከረጢት ቀዶ የሚያፈሰው ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ብዙ ገበሬዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለጎተራቸውና ለመጋዘናቸው ድመት ያኖራሉ። እርግጥ ነው፣ ድመት ብቻዋን አይጥን አታጠፋም። መጋዘኑ ካልተጠረገ፣ ቀዳዳው ካልተደፈነ፣ ከረጢቱም ከመሬት ከፍ ብሎ በርብራብ ላይ ካልተደረደረ ድካሟ ከንቱ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች ጋር ሲጣመር ግን ጥቅሟ ቀላል አይደለም።

የድመት መሣሪያዋ ጥርሷ ነው። ይሁን እንጂ የበሬውን ኮቴና የአህያውን ጀርባ የሚመረምር ሰው የድመቱን አፍ ገልጦ ሲያይ አይታይም። በአንድ የማኅበር መጋዘን አይጥ መያዝ ያቆመችን ድመት “ሰንፋለች” ተብላ ልትጣል ስትል ደርሰናል። ከንፈሯ ቀስ ተብሎ ሲነሣ አንዱ ክራንቻዋ ተሰብሮ፣ ድዷም አብጦ መግል ቋጥሮ ተገኘ። ድመቷ ታማ እንጂ ሰንፋ አልነበረም። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን የመሰለ ሕመም አስቀድሞ ለመከላከልና በጊዜው ለማወቅ የሚያስችል ዘዴ ለማስተማር ነው።

2. የድመት ጥርስ ምን ይመስላል?

የድመት ግልገል 26 የወተት ጥርሶች አሏት። እነዚህ ከ3 ወር ተኩል ገደማ ጀምሮ እየረገፉ እስከ 6 ወር ዕድሜ ድረስ በቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ያደገች ድመት 30 ጥርሶች አሏት፤ እነርሱም፦

ሀ/ 12 ትናንሽ የፊት ጥርሶች፤ ሥጋን ከአጥንት ለመጋጥና ፀጉርን ለማበጠር ያገለግላሉ።
ለ/ 4 ክራንቻዎች፤ አይጥን አንገቱ ላይ ነክሰው የሚገድሉ ናቸው።
ሐ/ 14 የጉንጭ ጥርሶች፤ እንደ መቀስ እየተላለፉ ሥጋ ይቆርጣሉ።

የድመት አገጭ እንደ ላም ወደ ጎን አይንቀሳቀስም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው። ስለዚህ ድመት ምግቧን አታላምጥም፤ ቆርጣ ትውጣለች። ከጉንጭ ጥርሶቿ አንዱ ከታመመ በዚያ ወገን መቁረጥ ስለማትችል ወዲያው ትቸገራለች።

3. በሽታው እንዴት ይጀምራል?

ድመት ከበላች በኋላ በጥርሷ ላይ ዓይን የማያየው ተሕዋስያን የሞሉበት ለስላሳና የሚያጣብቅ ሽፋን ይቀራል። ይህ ሽፋን በየጊዜው ካልተጠረገ በምራቅ ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር ተዋሕዶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠጥራል፤ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ይሆናል። ለስላሳውን ሽፋን በጨርቅ ማስለቀቅ ይቻላል፤ የጠጠረውን ግን አይቻልም። በሽታውን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ድዱ በጥርሱ ዙሪያ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካም ይደማል። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት ድዱ ሊድን ይችላል። ካልተደረሰበት ግን ሕመሙ ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል፤ ጥርሱም ይነቃነቅና ይወድቃል። ያለቀው አጥንት ተመልሶ አይተካም። ከዚህ ሌላ በድመት ላይ ጥርሱ ራሱ ከሥሩ እየተበላ የሚያልቅበት በሽታ አለ፤ ሕመሙ ብርቱ ነው፤ በቤት ውስጥ አይታከምም።

4. ሳምንታዊ ምርመራ

ምርመራው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ድመቷ ጠግባ በረጋችበት ሰዓት፣ ብርሃን ባለበት ቦታ ይደረግ። አንድ ሰው በጋቢ ወይም በንጹሕ ከረጢት ጠቅልሎ ይያዛት፤ ሌላው ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ያንሣ። አፏን በኃይል መክፈት አያስፈልግም። የሚታዩትም፦

ሀ/ የድዱ ቀለም፤ ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው። አንዳንድ ድመት በተፈጥሮዋ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ድድ ስላላት ይህ ሕመም አይደለም። በጥርስ ሥር ቀይ መስመር ከታየ ግን ሕመም ጀምሯል።
ለ/ በጉንጭ ጥርሶች ላይ ቅርፊት መኖር አለመኖሩ።
ሐ/ የተሰበረ፣ የተነቃነቀ ወይም ጫፉ ላይ ቀይ ወይም ጥቁር ነጥብ ያለበት ጥርስ።
መ/ የአፍ ሽታ። ብርቱ ግማት የድመት ተፈጥሮ ሳይሆን የሕመም ምልክት ነው።

ከዚህም ሌላ ድመቷ ምግብ ከአፏ የምትጥል፣ ራሷን ወደ አንድ ወገን አዘንብላ የምትበላ፣ አፏን በእግሯ የምትዳስስ፣ ፀጉሯን መላስ ትታ የቆሸሸች ወይም የከሳች እንደሆነ አፏን መጠራጠር ይገባል።

5. የአፍ ጽዳት አሠራር

ጽዳቱን ከግልገልነቷ ማስለመድ ይቀላል። ያደገችም ድመት ቢሆን በትዕግሥት ትለምዳለች።

1ኛ ሳምንት፦ ጉንጯንና ከንፈሯን በጣት መዳሰስ ብቻ።
2ኛ ሳምንት፦ ጣትን ጨውና ሽንኩርት በሌለበት የሥጋ መረቅ ነክሮ ጥርሷን በውጭ በኩል ማሸት።
3ኛ ሳምንት፦ ንጹሕ ሻሽ ወይም ያረጀ የነጠላ ቁራጭ በጣት ላይ ጠቅልሎ፣ በመረቁ አርሶ ድድና ጥርስ የሚገናኙበትን መስመር ቀስ ብሎ መጥረግ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ወገን ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃል። በየቀኑ ቢደረግ መልካም ነው፤ ካልተቻለ በሳምንት ከ3 ጊዜ አይነስ። የውስጡን ወገን ምላሷ ስለሚያግዝ በውጭው ላይ ማተኮር ይገባል። ለሕፃን የተሠራ ለስላሳ ብሩሽ ከተገኘ ከጨርቁ ይሻላል። ድዱ ቀልቶ ካበጠ ግን ማሸቱ ስለሚያሳምማት በመጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ጨርቁ ለእያንዳንዷ ድመት የተለየ ይሁን፤ ከሥራው በኋላም ይቀቀል፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

6. ፈጽሞ የማይደረጉ

ሀ/ የሰው የጥርስ ሳሙና አይጠቀሙ። ድመት መትፋት ስለማትችል የምትውጠው ይጎዳታል።
ለ/ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ሎሚ ወይም ጨው በድዷ ላይ አይቀቡ። ሽንኩርት፣ ነጩም ቀዩም፣ የድመትን ደም ያበላሻል።
ሐ/ ለሕመም ማስታገሻ ብለው ፓራሲታሞል አይስጡ። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ማስወገድ ስለማይችል አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል።
መ/ ቅርፊቱን በቢላዋ ወይም በምስማር አይፋቁ። ድዱ ይቆስላል፣ ጥርሱም ይሰበራል፤ ከድዱ ሥር ያለው ቅርፊትም እዚያው ይቀራል። ይህ በማደንዘዣ የሚሠራ የሐኪም ሥራ ነው።
ሠ/ የተቀቀለ አጥንት አይስጡ። ተሰንጥቆ አፏንና ጉሮሮዋን ይወጋል።

7. ስለ ምግብ

“አይጥ እንድትይዝ አትብላ” የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። የተራበች ድመት ርቃ ትሄዳለች፤ የጠገበችም ብትሆን ማደኗን አትተውም። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ስለሆነች እንጀራና ወተት ብቻዋን ሊያኖራት አይችልም። የተቀቀለ ሥጋ ወይም ሳንባ ቆርጣ ለመብላት እንድትገደድ ከፍ ከፍ አድርጎ መስጠት ለጥርሷም ይረዳል፤ ጽዳቱን ግን አይተካም። ንጹሕ ውኃ በየቀኑ ይቀየርላት።

8. ከፍተኛ ጥንቃቄ

ለሃጭ ሁሉ የጥርስ ሕመም አይደለም። ለሃጯ የሚዝረከረክ፣ ጠባይዋ በድንገት የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የምትናከስ፣ ድምፅዋ የተቀየረ፣ መዋጥ ያቃታት ወይም የኋላ እግሯ የሰነፈ ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ይዟት ይሆናል። እንዲህ ያለችውን ድመት አፍ ማንም ሰው አይክፈት። ሳይነኳት በር ዘግተውባት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ያስታውቁ።

ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክት እስኪታይ መጠበቅ አይገባም፤ የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመጋዘን ድመት ሁሉ አስቀድማ መከተብ አለባት። ያልተከተበች ድመት ለሠርቶ ማሳያ አትቅረብ።

እንዲሁም ስብራት ወይም ቁስል ሳይኖር ከድዷና ከአፍንጫዋ ደም ከፈሰሰ መርዝ የበላ አይጥ በልታ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ትወሰድ። ድመት ባለበት መጋዘን የአይጥ መርዝ መዝራት ሁለት ተቃራኒ ሥራ መሥራት ነው።

9. የማኅበሩና የልማት ሠራተኛው ድርሻ

ማኅበሩ ለድመቷ ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰው ይሰይም፤ በመጋዘኑ መዝገብም የክትባቷን፣ የምርመራዋንና የታየውን ምልክት ቀን ይመዝግብ። ለምግቧና ለሕክምናዋ የሚሆን አነስተኛ ወጪ ከመጋዘን ጥበቃ ወጪ ጋር ቢያዝ ተገቢ ነው። የልማት ሠራተኛው ደግሞ የተከተበችና ገራም ድመት መርጦ ከ4ኛውና ከ5ኛው ክፍል ያለውን አሠራር ለአባላት በሠርቶ ማሳያ ያሳይ።

10. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ/ በመጋዘናችሁ ያለችው ድመት ጥርስ መቼ ታየ? ምንስ ተገኘ?
2ኛ/ የአፍ ሕመም ያለባትን ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ከያዛት በምን ትጠረጥራላችሁ? ስትጠራጠሩስ ምን ታደርጋላችሁ?
3ኛ/ በአካባቢያችሁ ለድመት ሕመም የሚሰጡት ነገሮች የትኞቹ ናቸው? ከእነዚህ ውስጥ የሚጎዱት የትኞቹ ናቸው?

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ሥራዋን ስታጓድል ከመጣሏ በፊት ከንፈሯን አንሥቶ ማየት ይቅደም እንላለን።