የሽፈራው ቅጠል ጥቅምና የጥቅሙ ወሰን

በደቡብ ኢትዮጵያ በኮንሶና በጋሞ አገር፥ በየጓሮውና በየእርከኑ ላይ ተተክሎ የሚታየውን የሽፈራው ዛፍ የአገሩ ሕዝብ ቅጠሉን እንደ ጎመን እየቀቀለ ይመገበዋል። በጋሞ ሀለኮ ይባላል። ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ከተድቦለቦለው ኩርኩፋ ጋር አብሮ ሲበስል የቤተ ሰቡ ዋና ምግብ ይሆናል። በበጋ ወራት ሌላው አትክልት ሲጠወልግ ሽፈራው ቅጠል ስለማያጣ፥ ገበሬው እንደ ጎተራ ይቈጥረዋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ይኸው ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ በዱቄትና በሻይ መልክ፥ ወይም ንጥሩ ወጥቶ በእንክብል ተሞልቶ በከተማ ሱቆች ይሸጣል። ስኳር በሽታን፥ የደም ግፊትን፥ የደም ማነስን፥ ሌላውንም ሕመም ሁሉ ያድናል ተብሎ ይነገርለታል። ቅጠሉ መልካም ምግብ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን መልካም ምግብ መሆንና ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መተካት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በመጀመሪያ፥ በዓለም ገበያ ሞሪንጋ የሚባለው ሁሉ አንድ ዛፍ አይደለም። የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ተወላጅ የሆነው በሳይንስ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ይባላል። በሰሜን ሕንድ ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ የተነሣውና ወደ ብዙ አገር የተሠራጨው ደግሞ ሞሪንጋ ኦሌፌራ ነው። ከተደረጉት ምርመራዎች የሚበዙት በሕንዱ ዓይነት ላይ ስለ ሆኑ፥ የአንዱን ውጤት ለሌላው ማዋል ጥንቃቄ ይጠይቃል። በእሽግ ላይ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ካልተጻፈ፥ ገዥው የሚገዛውን አያውቅም ማለት ነው።

በማስታወቂያ ላይ ቅጠሉ ከወተት ይልቅ ብዙ እጥፍ ካልሲየም አለው የሚለው ቃል አንባቢን ያሳስታል። የሚነጻጸረው 100 ግራም ደረቅ ዱቄት ከ100 ግራም ወተት ጋር ነውና፤ ወተት አብዛኛው ውሃ ሲሆን፥ ከቅጠሉ ግን ውሃው ወጥቶለታል። ደግሞስ 100 ግራም ዱቄት ባንድ ቀን የሚበላ ማን ነው? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 8 ግራም ያኽላል። በሕንዱ ዓይነት ዘወትር በሚጠቀሰው ልክ ብናሰላ፥ ከዚህ ማንኪያ የሚገኘው ፕሮቲን 2 ግራም ያኽል፥ ካልሲየሙም 160 ሚሊግራም ያኽል ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያኽል ፕሮቲን፥ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተትም 300 ሚሊግራም ያኽል ካልሲየም ይሰጣል። እንዲህም ሆኖ የማንኪያው ድርሻ የሚናቅ አይደለም፤ በተለይ በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ለማይቀምስ ሰው፥ ወይም ላም ለሌለው ቤት ጠቃሚ ነው።

ስለ ደም ማነስ የሚባለውም እንደዚሁ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ብረት አለ፤ ነገር ግን ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘውን ብረት ሰውነት የሚቀበለው በጥቂቱ ነው። ከምግቡ ጋር ሎሚ ቢጨመር መቀበሉ ይሻሻላል፤ ከምግብ በኋላ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ቢጠጣ ግን ይቀንሳል። ቡናውን አንድ ሁለት ሰዓት ማዘግየት ለወዳጁ ቢከብድም ይጠቅማል። ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ነገር ደግሞ ከቅባት ጋር ሲበላ ይሻላል፤ ስለዚህ በዘይት ወይም በቅቤ የተሠራው ወጥ ከባዶው ሻይ ይበልጣል።

ከሁሉ የከበደው ጕዳይ የስኳር በሽታ ነው። የቅጠሉ ንጥር በአይጦች ላይ ተሞክሮ የደም ስኳር መቀነሱ ታይቷል። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ግን ጥቂት ሰዎችን የያዙና ለአጭር ጊዜ የቆዩ ስለ ሆኑ፥ ቅጠሉን መድኃኒት ለማሰኘት አይበቁም። ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስድ የአንደኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኛ፥ በቅጠሉ ተማምኖ መርፌውን ቢያቋርጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት የሚያደርስ አደጋ ይደርስበታል። የስኳር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ንጥሩን በብዛት የሚጨምርበትም ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ሊያልበው፥ ሊያንቀጠቅጠው፥ ራሱንም ሊያስተው ይችላል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ስለማይሰማው፥ ቅጠሉን ጠጥቶ ደኅና ሆንሁ ብሎ ክኒኑን ይተዋል፤ በልብና በአንጎል ላይ የሚደርሰው ጕዳት ግን በዝምታ ይቀጥላል። ስለዚህ እንክብሉን የሚወስድ ሁሉ ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውን ሳያሳፍር ቢጠይቀው መልካም ነው።

ቅጠሉ አዮዲን በሚያንስበት አገር የእንቅርትን ሕመም ሊያባብስ የሚችል ቅመም እንዳለው ይታሰባል። አዮዲን ባለው ጨው መጠቀም ለዚህ ዋና መከላከያ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ከሥሩና ከልጡ ፈጽሞ መራቅ አለባት፤ ንጥሩንም ያለ ሐኪም ምክር መውሰድ አይገባትም።

ቅጠሉን አድርቆ ለገበያ የሚያቀርብ ገበሬ፥ ከለቀመ በኋላ ቢጫ የሆነውንና ተባይ የበላውን አውጥቶ በንጹሕ ውሃ ያጥበዋል። ከዚያም ንጹሕ ጨርቅ ወይም ወንፊት በአልጋ ከፍታ ዘርግቶ፥ ቅጠሉን በሥሡ አሰጥቶ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ያደርቀዋል። ፀሐይ የቫይታሚኑን ኀይል ታጠፋለችና በፀሐይ ማስጣት ኪሳራ ነው፤ መሬት ላይ ቢሰጣም የዶሮና የከብት ቈሻሻ ይነካዋል። በእጅ ሲታሽ የሚፈረፈር ሲሆን ይፈጫል። ርጥበት የቀረው ዱቄት ስለሚሻግት፥ ዱቄቱ ብርሃንና አየር በማያስገባ ዕቃ ይታሸጋል፤ በዕቃውም ላይ የዛፉ ዓይነትና የተፈጨበት ቀን ይጻፋል።