ከቤት የማትወጣ ድመት በምን ትጫወት?

ጥያቄ፦ በጌዴኦ፣ ሬኮ አካባቢ የምትኖር አንዲት ድመት፣ በመርዝ የሞተ አይጥ እንዳትበላ ተብሎ ከቤት አትወጣም። ሌሊት ትጮኻለች፣ መጋረጃ ትቧጭራለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ድመት አዳኝ ናት። በጌዴኦ የእንሰትና የቡና ጓሮ አድብታ፣ አሳዳና ዘላ ትይዛለች፤ ቤት ሲዘጋባት ያ ጉልበት መጋረጃ ላይ ያርፋል። ይበልጥ የምትነቃው ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ስለሆነ፣ ማታ ከእራቷ በፊት 10 ደቂቃ ያህል ማጫወት የሌሊቱን ጩኸት ሊቀንስ ይችላል። ጫፉ ላይ ጨርቅ የታሰረበት የእንሰት ቃጫ እንደ አይጥ መሬት ለመሬት ሲጎተት ከሱቅ መጫወቻ አያንስም። መጨረሻ ላይ ግን መያዝ አለባት፤ የሌዘር መብራት ጉድለቱ ይኸው ነው፣ የሚያዝ ነገር የለውም። ከጨዋታ በኋላ ቃጫው ይሰወር፤ ከተዋጠ አንጀቷን ሊጎዳና ሊገድላት ይችላል።

መቧጨሩ ጥፋት አይደለም፤ ጥፍሯን የምታድሰው፣ ጠረኗንም የምትተወው በዚያ ነው። በቡና ጆንያ የተጠቀለለ፣ ተንጠራርታ የምትደርስበት የማይነቃነቅ ግንድ መጋረጃውን ያተርፋል።

ከምግቧ ከፊሉን ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ደብቆ ፈልጋ እንድታገኘው ማድረግም አእምሮዋን ያሠራል። ሽንኩርት የነካው ምግብ ግን ይመርዛታል። የቡና ፍሬም፣ በዚህ አገር የትም የሚገኝ ቢሆንም፣ መጫወቻ አይሁን፤ ካፌይኑ ለድመት መርዝ ነው።