የአልትራሳውንድ ባለሙያና የነፍሰ ጡር እናት ምርመራ

አንዳንድ ሰበካ ጉባኤያት ለአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ለመግዛት ሲያስቡ አስቀድመው የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን «ምስሉን ማን ያነበዋል?» የሚለው ነው።

መሣሪያው የሚሠራው የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ነው። በባለሙያው እጅ የሚያዘው ፕሮብ ድምፁን ወደ ሰውነት ይልካል፤ ነጥሮ የሚመለሰው ማሚቶ ወደ ምስል ይለወጣል። እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ምስሉ ግን ግራጫ ጥላ ነው፤ ፕሮቡ ጥቂት ቢያዘነብል የሚታየው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው በምርመራው ሰዓት ሳያየው ያለፈውን ሌላ ሐኪም በኋላ ከታተመው ምስል ላይ ላያገኘው ይችላል።

ለምሳሌ የእንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር የሸፈነባትን እናት እናስብ። በእርግዝና አጋማሽ ዝቅ ብሎ የታየ የእንግዴ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ማሕፀኑ ሲያድግ ከበሩ ይርቃል፤ የሽንት ፊኛ ከመጠን በላይ ሲሞላም ያልሸፈነው የሸፈነ ሊመስል ይችላል። ይህን ያልተማረ ሰው እናቲቱን በከንቱ ያስጨንቃታል። የሠለጠነው ግን ፊኛዋን ባዶ አድርጋ እንድትመለስ ይነግራታል፤ በመጨረሻዎቹ ወራትም ደግሞ ያያታል። መሸፈኑ ከተረጋገጠ ምጥ ሳይጀምራትና ደም ሳይፈስሳት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ትላካለች። «ወንድ ነው ሴት?» የሚለው፣ ብዙዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። የፅንሱ ዕድሜ በትክክል የሚታወቀው ቀደም ብሎ ሲታይ ነው፤ መንታ መሆኑም በጊዜው ይደረስበታል። በዚህ ረገድ የንስሐ አባቶች ድርሻ ቀላል አይደለም። ጠበል የምትጠጣ እናት ወደ ጤና ጣቢያ መሄዷ እምነት ማጉደል አለመሆኑን ከአባቷ አንደበት ብትሰማ ልቧ ያርፋል።

ሰበካ ጉባኤያትም ገንዘብ ከማሰባሰባቸው በፊት የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፦ የሠለጠነ ባለሙያ አለን? ቢዛወር ማን ይተካዋል? መሣሪያው ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መብራት በሚጠፋበት ቀንስ? አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ፣ ያው ገንዘብ ለአንዲት አዋላጅ ሥልጠና ወይም እናቶችን ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ለማድረስ ቢውል ይሻላል።